ተረከዝ ሲቀድም

አሰልጣኙ ጢሙን የሚላጨው ከደረጃው ትይዩ፣ ኮሪደሩ ላይ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ከተቃጠለ ሰነባብቷል። አዲሱ አምፖል ተገዝቶ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ግን እህቱ እሱ ይቀይረዋል ብላ፣ እሱም እሷ ታስቀይረዋለች ብሎ ሲጠባበቁ፣ መስታወቱ ከጨለማው ተሰዶ ኮሪደር ላይ ሚስማር ተመታለትና እዚያው ከረመ። በዚያች ጠርዟ በተሸረፈ መስታወት ውስጥ የግራ ጉንጩን አረፋ እየጠረገ ሳለ፣ ከጀርባው፣ ከላይኛው ፎቅ፣ አንድ ተረከዝ ብቅ አለ። ጣት አይደለም፣ ተረከዝ። ካልሲ ያጠለቀ ተረከዝ አየር ላይ ትንሽ ዋለለና ደረጃውን ፈልጎ አገኘው፤ ሌላው ተከተለው። ቀጥሎ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጁ የጨበጠ የአንድ ወጣት ጀርባ መጣ፤ ከመሰላል እንደሚወርድ ቀለም ቀቢ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ ኮሽታ ሳያሰማ ይወርዳል። የእህቱ ልጅ ነበር። ደረጃው አናት ላይ ደግሞ እህቱ የሌሊት ልብሷን ሰብስባ ይዛ ቆማለች፤ ልጇ አንድ እርከን በወረደ ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች።

ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆመ። ሰው ደረጃ በጀርባው የሚወርደው ለጨዋታ አይደለም። ጉልበት ውስጡ ካለቀ በኋላ መውጣት ይቻላል፤ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ መሮጥም በፋሻና በፈጣሪ ቸርነት ይቻል ይሆናል። መውረድ ግን አይቻልም። ፊት ለፊት ሲወርዱ የሰውነት ክብደት ሁሉ እዚያች አንዲት ቦታ ላይ ይከመርና ሰው ሳይወድ ያነክሳል፤ ያነከሰ ደግሞ በድምፁ ይታወቃል። በጀርባ ሲወርዱ ክብደቱን እጅና ዳሌ ይካፈሉታል፣ እግሩም ዝም ይላል። ይህን ዘዴ ጉልበቱን ከአሰልጣኙ የደበቀ ተጫዋች ካልሆነ ማንም አያውቀውም። እሱ ራሱ በመጨረሻው የጨዋታ ዘመኑ ይህንኑ ደረጃ፣ ይህንኑ ብረት ጨብጦ፣ አንድ ሙሉ ክረምት እንዲህ ወርዶታል። ያን ጊዜም ደረጃው አናት ላይ ቆማ አባታቸው እንዳይነቁ ትጠብቅ የነበረችው ይህችው እህቱ ናት፤ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

ዓይን ለዓይን የተገጣጠሙት በመስታወቱ ውስጥ ነው። እሷ እንዳየ አየች፤ እሱም እንዳየችው ገባው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያችን ቃል እሱ ከሷ ጠበቀ፣ እሷም ከሱ።

"ጋሼ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ" አለችው። ሻዩ ገና አልተጣደም ነበር።

"መጣሁ" አላት።

ልጁ የአጎቱን ድምፅ ሲሰማ የመጨረሻው እርከን ላይ ዞር አለና እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ መጣ። "እንደምን አደርክ አጎቴ?" እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለው አጎት፤ አለና ቀኝ ጉንጩን መላጨት ጀመረ።

ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። ሕጉን ያወጣችው ልጁ ወደ ክለቡ የገባ ዕለት እናቱ ናት። "ከበሩ ወዲህ አጎትህ፣ ከበሩ ወዲያ አሰልጣኝህ። የሜዳ ጠብ ቤቴ አይገባም፣ የቤት ፍቅርም ሜዳ አይወጣም" አለች፤ አለቀ። ልጁም ቤት ውስጥ "አጎቴ" እና "አንተ" ይለዋል፣ ደጁን ሲሻገሩ "ኮች" እና "እርስዎ"። አንዳንዴ መሻገሪያው ላይ ወሬ ይዘው ሲደርሱ ልጁ "አጎቴ ኮሌታህ ተጣ..." ብሎ ይጀምርና እግሩ ደጅ ሲረግጥ "ኮች፣ ኮሌታዎ ተጣሟል" ብሎ ይጨርሳል፤ ሦስቱም ይስቁ ነበር። ሕጉ ደግ ሕግ ነበር። ልጁን በዝምድና አሰለፈው የሚል አፍ ዘግቷል። ቤት ውስጥ የታየ ነገር ሜዳ ላይ ይነገር እንደሆን ግን ሕጉ አይናገርም፤ አጎት ያየውን አሰልጣኝ አይቶታል ወይስ አላየውም፣ ይህን እናትየው ስትደነግግ አላሰበችበትም።

ቁርሱ ዳቦና ሻይ ነበር። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ማኪናዋ ያለው ምግቡ የሚበላበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ የሰው ሱሪና የሰው መጋረጃ ገፋ ገፋ ተደርጎ ነው የሚበላው። ካለፈው ዓመት ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባላት ልጇ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል። ዛሬ ከትልቁ ክለብ መልማይ መጥቶ ልጇን ያያል። መልማይ ማለት እንግዲህ እንደ ከብት ነጋዴ ጥርስ የሚቆጥር ሳይሆን እግር የሚቆጥር ሰው ነው፤ ከወደደ ልጁን ይዞት ይሄዳል፣ እናትየውም ማኪናዋን ጨርቅ አልብሳ ዓይኗን ታሳርፋለች። ዛሬ ደግሞ የአሰልጣኙ ክለብ ካላሸነፈ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል፤ የወረደ ክለብ አሰልጣኙን ይዞ አይወርድም፣ ጥሎት ነው። ይህን ሁሉ ሦስቱም ያውቁታል። ያወሩት ግን ስለ ዳቦ ነው።

"ይሄ ዳቦ እንደገና አነሰ" አለች እናት።

"ዋጋው ሲያድግ እሱ ያንሳል" አለ ልጁ። "እንደ ሰው ነው፤ ሲወደድ ይኮራል።"

አጎት ሳቀ። እህቱ ስኳሩ የሟሟ ሻይዋን መልሳ መላልሳ ታማስላለች፤ ከጠረጴዛው ስር ልጁ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ አጎት ሳያይ አወቀ፤ እሱም የራሱን እንዲሁ ዘርግቶ ነበርና። ይህኔ ልናገር አለ በልቡ። ግን እናቱ እያለች? ይህን ሸክም ከኔ ይልቅ የምታውቅ፣ ሌሊቱን ጉልበቱን በሙቅ ጨርቅ ስታሽ ሳታድር ያልቀረች እናቱ፣ ዝም ካለች አንድ የምታውቀው ነገር ይኖራል። ምናልባት ቀላል ነው። ምናልባት ዛሬን ይችለዋል። ሰው ሊያምን የፈለገውን ነገር ለማመን ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

እስከ ስታዲየሙ በእግር ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ቁልቁለት ስለሌለው ይወደዋል። በጨዋታ ዘመኑ ቅጽል ስሙ ምላጭ ነበር። ቀጭን ነበር፣ በግራ መስመር ገብቶ መከላከያውን ለሁለት ይቀድ ነበር። ዛሬ ሆዱ ገፋ ብሏል፣ ቀኝ እግሩ አይታጠፍም፤ ስሙ ግን እንዳለ ነው። ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ ከጎጆው አንገቱን አውጥቶ "ምላጭ! ዛሬ ትቆርጣለህ ወይስ ትቆረጣለህ?" አለው። "እሱ ያውቃል" አለና ወደ ሰማይ ጠቆመ። "እሱማ ያውቃል፤ አንተ ብቻ ልጁን ከመጀመሪያው አስገባ!" አለ ቁልፍ ቀራጩ። ጋዜጣ ሻጩም፣ ሊስትሮዎቹም፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅም ያሉት ይህንኑ ነው። ትንሹ ምላጭ ይሉታል ልጁን። ከተማው በሙሉ ጉልበት እንጂ ጉልበት ውስጥ ያለውን አያይም።

የክለቡ ሊቀመንበር የአውቶቡስ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ቢሯቸው ጎማና የክፍል ሽቶ ይሸታል። ከወንበራቸው በላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ፎቶው ውስጥ ወጣቱ ምላጭ በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ዋንጫ ይዟል፤ ከስሩ የሰው ባሕር። ያየው ሁሉ "ያ ቀን!" ይላል። ያን ቀን ከፊሽካው በኋላ ጓደኞቹን "ተሸከሙኝ፣ መቆም አልቻልኩም" ብሎ እንደለመናቸውና እነሱ ሲያነሡት ሕዝቡ ደስታ መስሎት አብሮ እንደጮኸ፣ ከዚያች ቀን በኋላም ማልያ እንዳልለበሰ፣ እሱ፣ እህቱና እነዚያ ጓደኞቹ ያውቃሉ። ሌላው የሚያውቀው ፎቶውን ነው።

"ልጁ ይገባል አይደል?" አሉት ሊቀመንበሩ። "እንግዳው ለሱ ነው የመጣው። ለክለቡም ጥሩ ነው፣ ለቤተሰብህም ጥሩ ነው፣ ላንተም..." እጃቸውን ዘርግተው የቀረውን ለሱ ተዉለት።

"ትንሽ ደክሞታል" አለ።

"ወጣት ምን ይደክመዋል! አንተ በዚያች ጉልበትህ አይደል እንዴ ይሄን ያመጣህልን?" ዞረው ፎቶውን አዩት፤ በፍቅር ነው ያዩት። ክፉ ሰው አይደሉም። የዓለም አብዛኛው ጉዳት በክፉ ሰዎች የሚደርስ ቢሆን ኖሮ መጠንቀቅ ቀላል በሆነ።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የካምፎር ቅባት ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ግድግዳው በእርጥበት ተልጧል፣ ልብስ መስቀያዎቹ ግማሾቹ ተነቅለዋል፤ ተጫዋቾቹ ገና አልመጡም። ወጌሻው ብቻ ማሳጅ ጠረጴዛው ላይ ፋሻ እየጠቀለለ ተቀምጧል። ወጌሻው በምላጭ ዘመንም እዚህ ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ እጁ አልሸበተም። አሰልጣኙ በሩን ዘግቶ ፊቱ ቆመ።

"የእህቴን ልጅ ጉልበት..." ብሎ ጀመረ።

ወጌሻው ፋሻውን መጠቅለል አላቆመም። "ኮች" አለው፣ "ካልጠየቅከኝ አልነግርህም። ከጠየቅከኝ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽህም። ያንተን አሰልጣኝ ታስታውሳለህ፣ ስለ ጉልበትህ ጠይቆኝ ነግሬው፣ ሰምቶኝ፣ አስገብቶሃል። ከዚያ ወዲህ መንገር ሰልችቶኛል። እና ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው ወይስ ፋሻ ልትወስድ?"

አሰልጣኙ ፋሻዎቹን አየ። ከጠየቀ ያውቃል፤ ካወቀ ማስቀረት አለበት፤ ካስቀረው መልማዩ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ የእህቱም ዓይን ከመርፌና ከክር አያርፍም። ካልጠየቀ ግን ያየው ተረከዝ ብቻ ነው። ተረከዝ ደግሞ ምን ይመሰክራል?

"ፋሻ ስጠኝ" አለው።

ቋሚዎቹን ሲጠራ የእህቱን ልጅ አልጠራም። ተጠባባቂ አደረገው። ይህ ከሁሉም ጋር የሚያስማማ መሰለው፤ ከለከልኩት አይባልም፣ አሰለፍኩትም አይባልም። ማልያዎቹ ሲታደሉ ልጁ የተጠባባቂ ሰደርያውን ተቀብሎ እያየው ቀረ። አሰልጣኙ ወደ ሜዳው በሚወስደው መተላለፊያ ሲወጣ ከኋላው ታኬታ ኮንክሪቱን ሲቆረቁር ሰማ፤ አንዱ ምት ከሌላው ዘግየት የሚል።

"አጎቴ" አለው ልጁ።

እዚህ እንዲህ ብሎ አያውቅም። አሰልጣኙ ዞሮ አላየውም። "እዚህ አጎት የለህም" አለው።

"እንግዲያው ኮች። ዛሬን ብቻ። ሰውዬው አንድ ጊዜ ይየኝ፣ ከዚያ በኋላ እነሱ ጋር ሐኪም አለ፣ ያክሙኛል። እንዲህ ነው አይደል የሚደረገው? እርስዎም እንዲህ ነው ያደረጉት። እዚህ ሆኜ ማን ያክመኛል?"

ለዚህ መልስ ነበረው። መልሱ ሙሉ ዕድሜው ነበር፤ የማይታጠፈው እግሩ፣ ፎቶው፣ አሥር ክለብ ለምኖ ያገኛት ይህች ወንበር። ግን መልስ ለመስጠት ማወቁን ማመን ነበረበት። "ሂድ አሟሙቅ" አለውና ወደ ብርሃኑ ወጣ።

ጨዋታው መጥፎ ጨዋታ ነበር። ሁለት የፈሩ ቡድኖች ኳሷን እንደ ትኩስ ድንች ይወራወሯታል። እንግዶቹ ከማዕዘን ምት አንድ አገቡ፤ በረኛው እጁ ላይ የነበረችውን ኳስ ሳሙና አደረጋት። ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ አፍ አወጣ። "ምላጩ ደነዘዘ!" ይላል አንዱ። "ልጁን አስገባው እንጂ! ውርስ ነው እንዴ የምትቆጥበው?" ይላል ሌላው። ከአጥሩ አጠገብ ያለ አንድ ወፍራም ደጋፊ ደግሞ "ወንበሩን ሲያሞቅ ውሎ እንቁላል ሊፈለፍል ነው!" ብሎ ትሪቡኑን አሳቀ። አሰልጣኙ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ቀኝ እግሩን እንደ ምርኩዝ ዘርግቶ ቆሟል። ለማንም አልዞረም። አንድ ጊዜ ብቻ ዞረ፣ ያኔ እህቱን አያት።

እህቱ ስታዲየም አትመጣም። ወንድሟ በትከሻ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ረግጣው አታውቅም፤ ልጇ ሲጫወት በሬዲዮ እንኳ አትሰማም፣ ማኪናዋን ታስጮኸዋለች እንጂ። ዛሬ ግን ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጀርባ፣ አጥሩ አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። እጅጌዋ ላይ ነጭ ክር ተጣብቋል፤ ሥራዋን አቋርጣ ነው የመጣችው። ወንድሟን ብቻ ታየዋለች። እሱም አያት፤ ምልክት ጠበቀ። ራሷን ብትነቀንቅ፣ እጇን ብታነሣ፣ "ተው" ብትል። አላለችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ዝም ብላ አየችው። ልጇ እንዲቀር የምትፈልግ እናት ለምን ትመጣለች፣ አለ በልቡ። የመጣችው ሲገባ ልታይ ነው። ፈቅዳለች።

እግዚአብሔር ሆይ አንተ ወስን፣ አለ። ሰው መወሰን ሲያቅተው እንዲህ ይላል፤ ጸሎት ይመስለዋል። ፈጣሪ ግን ቅያሪ አያስገባም፤ ለዚያ ያስቀመጠው ሰው አለ። አሰልጣኙ ለእህቱ ልጅ በጣቱ ምልክት ሰጠው። ልጁ ሰደርያውን ወርውሮ ሲነሣ ትሪቡኑ ነጎደ።

አቤት፣ እንዴት ይጫወት ነበር! ይህን ማለት ግድ ነው፤ ካልተባለ ነገሩ ሙሉ አይሆንም። የመጀመሪያዋን ኳስ በግራ መስመር ሲቀበል ኳሷ ቤቷ የገባች መሰለች። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛው ሲመጣበት ቆም አለና ሰውዬው አልፎት ሄደ፤ ከዚያ አሻማት፣ አጥቂው በጭንቅላቱ ገጫት፣ መረቡ ተወጠረ። ሰው የማያውቀውን ሰው አቀፈ። ሊቀመንበሩ ከክብር ወንበራቸው ተነሥተው ኮፍያቸውን ወረወሩ። አሰልጣኙ ግን ልጁን እያየ ነበር። ልጁ ወደ ቦታው የሚመለሰው በጀርባው ነው። ፊቱን ወደ እንግዶቹ ግብ አድርጎ፣ እጁን እያነሣ ጓደኞቹን የሚያዝ መስሎ፣ ተረከዙን እያስቀደመ፣ በጸጥታ። ሕዝቡ ንቁ ተጫዋች አየ፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ደረጃ አዩ።

አንዲት ቅያሪ ቀርታው ነበር። ምክትሉም ዘንበል ብሎ "ኮች፣ ልጁ ደህና ነው?" አለው። አሁን ማስወጣት ይቻላል፤ እኩል ናቸው፣ ልጁ ታይቷል፣ ይበቃል። ወደ አጥሩ ሊዞር አሰበ። አልዞረም። እኩል ቢወጡ ይወርዱ ነበር። "ይቆይ" አለ።

የመጨረሻዋ ኳስ የመጣችው ዳኛው ሰዓቱን ማየት ከጀመረ በኋላ ነው። ልጁ ከመስመር ወደ ውስጥ ገባ፣ በግራው ለመምታት መላ ሰውነቱን በቀኙ ላይ ተከለ፣ መታ። ኳሷ ቋሚውን ታክካ ስትገባ እሱ ማንም ሳይነካው፣ ማንም በአጠገቡ ሳይኖር፣ ገመዱ እንደተበጠሰበት የተሰጣ ልብስ ባለበት ወረደ። ጓደኞቹ ዘለሉበት፤ ከስራቸው ሲጮህ ደስታ መሰላቸው። ፊሽካው ተነፋ። በመጨረሻ አንዱ ጆሮውን ወደ አፉ አስጠጋና የተባለውን ሰማ፣ ከዚያ አነሡት፣ ትከሻቸው ላይ አወጡት። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ገባ። ፎቶ አንሺው እየሮጠ መጣና ዝቅ ብሎ፣ ሰማዩን ከጀርባ አድርጎ፣ አነሣው። ልጁ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ያይ ነበር። መልማዩ ሥራውን ያውቃል፤ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘግቶ፣ ከማንም በፊት፣ ወደ መኪናው ሄደ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። የራጁን ፊልም ወደ ብርሃን አንሥታ ብዙ አየችው። "ከዚህ በፊት ያመው ነበር?" ብላ ጠየቀች። እናትና አጎት አልጋው ግራና ቀኝ ቆመዋል። ሁለቱም ወለሉን አዩ። "አልነበረም" አለ ልጁ ራሱ። ማንን ለማዳን እንደዋሸ አልታወቀም። ሐኪሟ ፊልሙን አስቀመጠች። "ይሄ የዛሬ ብቻ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "ኳሱን ይርሳው። አሁን የምንደክመው ለመራመዱ ነው።"

ታክሲ ይዘው ተመለሱ። ልጁ የታሰረ እግሩን እናቱ ጭን ላይ ዘርግቶ ከኋላ፣ አጎት ከፊት። ሹፌሩ ማን እንደጫነ አላወቀም። "ሰምታችኋል ዛሬ? አሸነፍን እኮ! ያ ትንሹ ምላጭ ጉድ ሠራ። አልወረድንም! አጎቱ ደግሞ ብልጥ ነው፣ እስከ መጨረሻው ደብቆ አቆየው!" መንገዱን ሙሉ ሁለት እጁን ከመሪው እየለቀቀ ጎሉን አሳያቸው። የሚመልስለት ሲያጣ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና "ኳስ አትወዱም መሰለኝ" ብሎ ሬዲዮውን ከፈተ።

ቤት ሲደርሱ ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ነበር። ልጁን ኮሪደሩ ላይ፣ ደረጃው ስር ካለች በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ወዲያው የአሰልጣኙ ስልክ ጮኸ። የሊቀመንበሩ ድምፅ ከቀፎው አልፎ ኮሪደሩን ሞላው። "ለሚቀጥለው ዓመትም አንተው ነህ፣ ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ነው ያለው! ልጁን እግዚአብሔር ይማርልን፣ ወጣት ነው ይድናል። ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ድንቅ ነው፤ ካንተው ፎቶ አጠገብ ነው የምሰቅለው!" እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አለ አሰልጣኙ። ስልኩን ሲዘጋ እህቱ መስታወቱ አጠገብ ቆማ እጅጌዋ ላይ ያለውን ክር ትለቅማለች።

"ጠዋት አየኸው" አለችው።

"አየሁት።"

"ስታየው አየሁህ። እኔ አትሂድ ብለው ዕድሜ ልኩን ዕድሌን ዘጋሽ ይለኛል አልኩ። አንተ ብታስቀረው አሰልጣኙ ነው ያስቀረው። እኔ እንኳ እቆጣልሃለሁ፣ ለይምሰል።" ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። "ስታዲየም የመጣሁት ሳይገባ ሲያልቅ አይቼ እፎይ ልል ነበር።"

"እኔ ደግሞ አንቺ..." አለ። አልጨረሰውም። ቢጨርሰውም ያው ነበር።

"አውቃለሁ" አለች እህቱ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

"ታች እኔ ክፍል ይተኛ። እኔ ላይ እሆናለሁ" አለ አሰልጣኙ። መልስ ሳይጠብቅ ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ፣ የማይታጠፈውን እግሩን እንደምንም ሰብሮ ጎንበስ አለ። "ወይ ና፣ አዝዬ ላውጣህ።"

"ይተዉት ኮች" አለ ልጁ። "እርስዎ አይድከሙ። ራሴ እወጣለሁ።"

ከበሩ ወዲህ ነበሩ። እህቱም ሰማች፤ ሕጓን ግን አላስታወሰችውም። ልጁ ከበርጩማው ተንሸራትቶ የመጀመሪያው እርከን ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት መዳፉን ከኋላው ተክሎ ራሱን ወደ ላይ ጎተተ፣ የታሰረው እግሩ እንደ ሰው ዕቃ ተከተለው። እናቱ ተረከዙን በሁለት እጇ ደግፋ አብራው ትወጣለች። ጠዋት የታየው ጀርባው ነበር፤ አሁን በጀርባው ስለሚወጣ ፊቱ ወደ አጎቱ ነው። በየእርከኑ ይቆምና ትንፋሹን ይሰበስባል፣ በቆመ ቁጥርም ዓይኑ እዚያው ታች ነው። ጥላቻ የለበትም። እንደማያውቁት የሠፈር ሰው ነው የሚያየው። እንዲህ እያየው መታጠፊያው ላይ ደረሰና ተሰወረ፤ መጨረሻ የተሰወረው የእናቱ ጀርባ ነው።

አሰልጣኙ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ቀረ። በኋላ ወጥ ቤት ገባ፣ መሳቢያውን ሳበ፣ አምፖሉን ከነካርቶኑ አወጣ። ወንበር ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ደግፎ ወጣ፣ የተቃጠለውን ፈቶ አዲሱን አጠበቀው። በራ። ብርሃኑ የተላጠ ቀለም፣ የደረቀ ሳሙናና መስታወት የነበረበትን ባዶ ሚስማር አሳየ። ይህን ያህል ጊዜ የፈጀው ሥራ ይሄ ነበር። የሚያየው ሰው አልነበረም፤ እሱም መስታወቱ አጠገቡ ስለሌለ ራሱን አላየም እንጂ፣ ከወንበሩ ሲወርድ መጀመሪያ ወለሉን ፈልጎ ያገኘው ተረከዙ ነበር።